ማስታወቂያው ቀበሌው በር ላይ ነበር

ሰፈራችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። በባጃጅ ሩብ ሰዓት፣ በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ገጠር እንዳይባል መንገድ ዳር ፀጉር ቤትና የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ሱቅ አለው። ከተማ እንዳይባል ጠዋት ጠዋት ከብት ባጃጁን ያስቆመዋል። ግማሹ ሰው ቀን ከተማ ይውላል፣ ማታ ማሳው ዳር ያድራል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ከተማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ሲመሽ እማዬ ቤት እገባለሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሰው ነው። በተለይ "የቀበሌ ጉዳይ የሽማግሌዎች ነው" ብሎ ለተቀመጠ ወጣት። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ዕዳው ግን ሊያርፍ የነበረው እማዬ ላይ ነው።

በክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያኔ መሬቱ የተለካው በገመድ ነበር። ለየቤቱ ደብተር ተሰጠ፤ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት። የእኛም አለ። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ እማዬ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ሁለቱም የተቆጡ መስለው። ደብተሩ መሬቱ ስንት እንደሆነና በአራቱም በኩል ማን እንደሚያዋስነው ይናገራል። ካርታ ግን የለውም። "በምሥራቅ እገሌ" ብሎ ያልፋል። እገሌ ሞቶ መሬቱ ለልጁ ከተላለፈ ወሰኑ የሚቀረው በሰው ትዝታ ላይ ነው።

ካርታ ያለው ደብተር የመጣው በሁለተኛው ዙር ነው። "ሁለተኛ ደረጃ" ይሉታል። ከላይ የተነሳ ፎቶ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር ማሳ ለማሳ ይዞራሉ። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት ወሰኑ ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ ይሰመራል። ከዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ካርታው ለሕዝብ ይለጠፋል። ስህተት ያየ ሰው በተቆረጠው ቀን ውስጥ ያመለክታል። ደብተሩ የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ የደረሰው በ2010 ዓ.ም. በጋ ነው። ከባለሙያዎቹ በፊት ወሬው ደረሰ። "ከላይ ፎቶ ያነሱን ሊነጥቁን ነው" ተባለ። "ግብር ሊቆልሉብን ነው" የሚልም ነበር። ሌላው ደግሞ "ከተማው ሊውጠን ነው፣ ቆጠራው ለዚያ ነው" አለ። የከተማ ዳር ሰው ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ትናንት ጤፍ ሲታጨድበት ያየነው ማሳ ዛሬ ባለ ብሎኬት አጥር ሆኗል። ክፋቱ ግን ወሬው ሰውን ከቤቱ ማሸሹ ነው። አንዳንዱ በልኬታው ቀን ሆን ብሎ ጠፋ፤ እኔ ከሌለሁ አይለኩትም ብሎ። ይለኩታል እኮ! አንተ ባትኖር አዋሳኝህ አለ።

እኔ እንኳን ወሬ ፈርቼ አልነበረም የቀረሁት። እማዬ "ረቡዕ ይመጣሉና አስፈቅድ" ብላኛለች። ሲሚንቶ የሚራገፍበት ቀን ሆነና ባለሱቁን መጠየቅ ከበደኝ። "አንቺ አለሽ አይደል" አልኳት። ረቡዕ ማለዳ ላይ ማዶ ሰው ሞተ ተባለ። እማዬ ለቅሶ ወጣች። ጎረቤታችን ደግሞ፣ እኔ አያ ነው የምለው፣ ገበያ ሄዷል። ባለሙያዎቹ ሲደርሱ ማሳው ላይ ያገኙት የአያን ልጅ ብቻ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። "ወሰናችሁ የት ነው?" ሲሉት በባህር ዛፉ በኩል እጁን ዘረጋ። ልጁ አልዋሸም። ከተወለደ ጀምሮ የሚያየው እሱን ነዋ።

ባህር ዛፉን የተከለው አባዬ ነው። ሲተክለው ከወሰኑ ሦስት እርምጃ ወደ እኛ ገባ ብሎ ነው የተከለው። ባህር ዛፍ የጎረቤትን እህል ያቀጭጫል፤ ጠብ ያመጣል። አባዬ ጠብ አይወድም ነበር። እውነተኛው ወሰን ከዛፉ ማዶ ያሉት ሁለት ድንጋዮች ናቸው። ግን ድንጋዮቹ ደለል ውጧቸዋል። ከላይ በተነሳው ፎቶ ላይ የሚታየው ደግሞ ጥቁር መስመር የመሰለው የዛፉ ረድፍ ነው። እስክሪብቶው በዚያው ላይ ሄደ።

ሦስት እርምጃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ርዝመቱ ሰማንያ እርምጃ ነው። አባዙት። ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ከነግቢው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ደግሞ እንደኛ ያለ ሰፈር አንድ ቀን ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ ሲፈለግ፣ ካሳ የሚሉት ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደብተሩ ነው። አባዬ ለሰላም ብሎ የተዋት ሦስት እርምጃ ወረቀት ላይ የሰው ሆና ልትቀር ነበር።

ካርታው የተለጠፈ ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። የቀበሌው በር ላይም ወረቀት ተለጠፈ። እኔ በዚያ በር በቀን ሁለቴ በባጃጅ አልፋለሁ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ነጭ ነው፣ ማኅተም አለው። የክትባት መስሎኝ አለፍኩት። እማዬ ማታ "ልጄ፣ ካርታው ተለጥፏል ይላሉ፤ እስኪ እየው" አለች። "እሺ፣ ነገ" አልኳት። በማግስቱም "ነገ" አልኳት። የቀበሌ ሠራተኛ "ነገ ና" ሲለኝ የምናደደው እኔ፣ እናቴን ስንት ቀን ነገ ነገ እንዳልኳት አልቆጠርኩም።

በመጨረሻ ሰልችቷት ራሷ ሄደች። ያን ዕለት ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር አፈርኩና ተከተልኳት። ስንደርስ ባለሙያው ወረቀቶቹን ከግድግዳው እየነቀለ ይጠቀልላል። ቀኑ ያለቀው ትናንት ነው። ፊቷን አይቶ ነው መሰለኝ አንዱን መልሶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልን።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ፎቶው ላይ አጎንብሼ ስማችንን ፍለጋ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ ምንም አልገባኝም። እሷ ትንሽ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ጣቷን አንድ ክብ ጥላ ላይ አሳረፈች። "ይቺ ግራሯ አይደለችም?" አለች። ግራሯ ናት። ከዚያ ጣቷ በውኃው መውረጃ ሄደ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዞረ፣ በጓሯችን በኩል ተመልሶ ዛፉ ላይ ቆመ። "መስመሩ ለምን እዚህ ቆመ? የእኛ እስከ ድንጋዩ ነው።" ባለሙያው ቀና ብሎ አያት። "እማማ፣ በሕይወትዎ ካርታ አይተው ያውቃሉ?" አላት። "አላውቅም፤ መሬቴን ግን አውቃለሁ" አለችው።

ደብተሩ ገና ስላልታተመ ዕድል ነበረን። አዋሳኙ ካመነ፣ ኮሚቴው ካረጋገጠ፣ ማመልከቻ ተጽፎ ሊታረም ይችላል ተባልን። የፈራሁት አያን ነበር። በእሱ ስም የተመዘገበን መሬት "የአንተ አይደለም" ማለት ቀላል አይደለም። እማዬ ግን ማታውኑ ቡና አፍልታ ጠራችው። አያ ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ። "እቴ፣ እኔ አልሳልኩት! ነገ አካፋ ይዤ እመጣለሁ" አላት። በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ደለሉን ቆፍረን የመጀመሪያውን ድንጋይ አገኘን። ሁለተኛውን ለማግኘት እስከ ቀትር ደከምን። አያ ግማሽ ቀን በቆፈረው ጉድጓድ የገዛ ካርታውን አሳነሰ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ሁሉም ሰው የለውም። ለዚህ ነው ዕድለኞች ነበርን የምለው። አዋሳኙ እንቢ ቢል ኖሮ መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመት ይበላል።

አያ ቢስማማም ወረዳ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አራት የሥራ ቀን ማለት ነው። ባለሱቁን አንድ ረቡዕ ማስፈቀድ ከብዶኝ አራት ቀን አስፈቀድኩ። በመጀመሪያው ቀን ማመልከቻዬን ለአንድ ሠራተኛ በእጁ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን "የምን ማመልከቻ?" አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ይሁን ቅርጫት ውስጥ እግዜር ይወቀው። ማመልከቻ ለሰው በእጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት። ሁለት ኮፒ ያዙና የእናንተው ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። በሦስተኛው ጊዜ ያችን ቁጥር ይዤ ስገባ ሠራተኛው ራሱ ወንበር ሰጠኝ። በቁጥርና በስሞታ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አለ።

ሌላው ያደናቀፈን የአባዬ ሞት ነው። አባዬ ያረፈው በ2009 ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በቀበሌ መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ያኔ ገና አዲስ ነበር። እድሩ ያውቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ቀብሯል፤ ከዚህ በላይ ማን ይመስክር ብለን ዝም አልን። ወረዳ "የሞት ምስክር ወረቀት" ሲሉኝ ሙልጭ ያለ ባዶ እጄን ነበርኩ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው። ጋብቻና ፍቺም እንዲሁ። ልደት እስከ 90 ቀን ጊዜ አለው። ካለፈም ይመዘገባል፤ ግን ምስክር አምጣ፣ ማስረጃ አምጣ ይበዛል። በሐዘን መሐል ስለ ወረቀት ማሰብ ጭካኔ ይመስላል። እድራችን አሁን አንድ ነገር ጀምሯል፤ ሠላሳው ቀን ሳይሞላ የእድሩ ጸሐፊ ራሱ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይዞ ቀበሌ ይሄዳል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ልኩራበት።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ነገር ከባድ አይደለም። የቀበሌው በር ላይ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ባጃጁን አስቆማለሁ። ሾፌሩ ያጉረመርማል። በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ማኅተሙና ቀኑ እንዲታይ አድርጌ። ማታ ለእማዬና ቡና ለሚጠጡት ጎረቤቶች አነብላቸዋለሁ። አብዛኛው አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ክትባት፣ የማዳበሪያ ምዝገባ፣ ስብሰባ፣ ተከራይ ያለው ያስመዝግብ፣ ከብት በችግኝ ላይ እንዳይለቀቅ። ግን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር አየሁ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ሥር ቀን አለ። ወሬ ደግሞ ቀን የለውም። "ማዳበሪያ ሊሰጥ ነው አሉ" ይልሃል ወሬ። መቼ? "አሉ" ነው መልሱ።

የመሬት መጠቀሚያ ግብርም እንዲሁ። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም፤ ደረሰኙ ነው ትልቅ። አንድ ዓመት ከፍለን ደረሰኙን አጣነው። እማዬ በርበሬ ጠቅልላበት ኖሯል። ያን ዓመት መክፈላችንን ለማሳየት የቀበሌውን መዝገብ ከሥሩ አስገለበጥን። አሁን ደረሰኞቹ ከደብተሩ ጋር በላስቲክ ተጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ቁልፉ የእማዬ አንገት ላይ ነው፤ እኔ እንኳን አልታመንም።

የተፋሰስ ሥራ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ጥርና የካቲት ላይ ሰፈሩ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ያልወጣ በሰፈሩ ደንብ ይቀጣል። ሥራው ራሱ ጥሩ ነው። ከጨሞጋ በኩል ያለው ቁልቁለት እርከን ከተሠራለት ወዲህ ክረምት ላይ ጎርፉ እንደ ድሮው ጓሯችን አይገባም። ነገር ግን የሥራው ሰዓት የተቀመጠው ሙሉ ቀን ለሚያርስ ሰው ነው። እንደኔ ከተማ ተቀጥሮ የሚውለው ወይ ሥራውን ያጣል ወይ ይቀጣል። ሦስት ዓመት እየተነጫነጭኩ ቅጣት ከፈልኩ። በአራተኛው ዓመት ስብሰባ ሄጄ ተነሳሁና "ቅዳሜ ቅዳሜ እንሥራ፤ ከተማ የምንውለው ሃያ ሰው እንሆናለን" አልኩ። ሰብሳቢው "እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?" አለ። እውነቱን ነው። ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። አሁን የቅዳሜ ቡድን አለን። አካፋ አያያዛችን ገበሬዎቹን ያስቃቸዋል፤ ቢሆንም እርከኑ እርከን ነው።

ስብሰባ ላይ ስለመሄድ ሌላም ልበል። ለጎርፍ መውረጃ ቱቦ መቅበሪያ መዋጮ ስንት ይሁን፣ ቱቦው በየት በኩል ይለፍ የሚባለው እዚያ ነው። የመጣው ሰው እጅ ያወጣል፤ ያልመጣው ይከፍላል። አንድ ጊዜ ቱቦው ከእኛ ቤት በላይ ሊያልቅ ነበር፤ ውኃው በቀጥታ የእኛና የአያ በር ላይ። አያ ተነስቶ ባይናገር ኖሮ ዛሬ ክረምት ክረምት በታንኳ ነበር የምንወጣው። እናቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም ማለታቸው ያናድደኛል። ውኃ የሚቀዱትም፣ ጭቃውን የሚረግጡትም እነሱ ናቸው። እማዬ ካርታውን ካነበበች ወዲህ ከፊት ትቀመጣለች።

አሁን ትንሽ ስለ ደላላ። እንደኛ ያለ ሰፈር ከቀበሌ ማስታወቂያ የበለጠ የሚፈጥን ወሬ የሚያመጣው ደላላ ነው። "ሰፈሩ በቅርቡ ከተማ ይገባል፤ ሳይቀድሙህ አንዲት ቃዳ ሽጥ" ይላል። ቃዳ ማለት የሄክታር ሩብ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደላላው ይህን ጠፍቶት አይደለም። ስለዚህ ውሉ ሽያጭ አይባልም፤ "ብድር" ይባላል፣ ወይ "ስጦታ"። ሽማግሌ ይፈርማል፣ ብር ይቆጠራል፣ ሌሊት ቤት ይቆማል። የጨረቃ ቤት የሚሉት ይህን ነው። እኛ ሰፈር አንድ የማውቀው ሰው፣ ከተማ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አፈሰሰው። ቤቱ ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ሲነቅል ሚስማሩን ሳይቀር ይለቅም ነበር። የሸጠለት ሰውዬ ብሩን በልቶታል፤ ደላላው ስልኩን ዘግቷል። ወረዳም ሆነ ፍርድ ቤት ያችን ወረቀት የሚያይለት አላገኘም።

ማሳ ማከራየት ግን ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ። እማዬ ግማሹን ማሳ ለአያ አከራይታለች፤ አያ የራሷ ጎረቤት ሆኖ እንኳን ውሉ ተጽፏል። መጀመሪያ "በእኔና በእሱ መሐል ወረቀት ምን ያደርጋል?" ብላ ነበር። አያ ነው "እቴ፣ ለእኔና ለአንቺ አይደለም፤ ለልጆቹ ነው" ያላት። ያን ጊዜ በባህር ዛፉ በኩል እጁን የዘረጋው ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

አዲሱ ደብተር የመጣው በዓመቱ ነው። ካርታ አለው፤ መስመሩ በድንጋዮቹ ላይ ያልፋል። የአባዬ ፎቶ ግን የለም። እማዬ አሮጌውንም አልጣለችም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው።

ባለፈው ሳምንት የቀበሌው በር ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። ባጃጁን አስቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ስልኬን አወጣሁ። ስብሰባ ነው፤ አጀንዳው የመንገድ መብራት። ቀኑ የተጻፈበትን የታችኛውን ጥግ ፍየል በልቶታል። ዘበኛው "ይሄ እኮ ሦስተኛው ነው፤ ሙጫው ዱቄት ነው መሰለኝ ይጣፍጣቸዋል" አለኝ። ገብቼ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። በእስክሪብቶ ከወረቀቱ አናት ላይ ጻፍኩበት፤ ፍየል በማትደርስበት በኩል።